የሾላው ዳር አሸዋ

አዳማ ውስጥ ሻይ የጠጣ፣ ፀጉሩን የተቆረጠ ወይም ጥርሱን የተነቀለ ሰው የሎሚ ዳዊን ወንዝ ሳያየው አይቀርም። ማን እንደሣለው ላያውቅ ይችላል፤ ወንዙን ግን ያውቀዋል። በግራ በኩል ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ሾላ፣ ከሾላው ሥር እንደ ምላስ ወደ ውሃው የተዘረጋ ነጭ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ አዋሽ፣ ከማዶ ደግሞ ጭጋግ የለበሰ ጋራ። ፍራንኮ አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ሁለት ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ ተራውን ሲጠብቅ ያየዋል። አንድ ጎማ ጠጋኝ በቆርቆሮ በሩ ላይ አሥሎት ፀሐይ ልጦታል። ሎሚ ራሷ ሠላሳ አንድ ቆጥራለች።

ሎሚ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭንና ረጅም ናት። በሰላሙ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፤ ስትቆጣ ግን ዓይኗን አትነቅልም። አባቷ አቶ ዳዊ በደርግ ጊዜ ለፎቶ ቤት መጋረጃ ይሥሉ ነበር፤ ሰው ከፊቱ ቆሞ ፎቶ የሚነሣበትን፣ የእብነ በረድ ደረጃና የጽጌረዳ ማሰሮ ያለበትን መጋረጃ። እንዲያ ያለ ደረጃ አዳማ ውስጥ አልነበረም። አቶ ዳዊም ይህን ስለሚያውቁ ያፍሩበት ነበር። ልጃቸው ብሩሽ ስታነሣ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እኔ ለእንጀራ ብዬ ያላየሁትን ሣልሁ። አንቺ ግን ያልተቀመጥሽበትን ቦታ አትሣዪ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

ሎሚ ቃሉን ጠበቀች። የተቀመጠችበትን አንድ ቦታ ሣለች፤ ያንኑ ቦታ ዕድሜዋን ሙሉ ሣለችው።

ቦታው ሾላው ዳር ይባላል። ወደ ሶደሬ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ወደ አዋሽ የሚያወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ነበር። የሎሚ ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ በኪራይ ቤት የምትሰበሰብ፣ ምእመኖቿ አንድ የጭነት መኪና የማይሞሉ ማኅበር ነበረች። መጠመቂያ ገንዳ የሚባል ነገር አልነበራትም። በዓመት አንድ ጊዜ ተጠማቂዎቹን ጭነው ሾላው ዳር ይወርዳሉ። ወንዙ አዞ ስላለው ከሁሉ በፊት ድንጋይ ወርዋሪዎች ይቆማሉ። ሁለት ጠንካራ ወንድሞች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ ሦስት ሦስት ድንጋይ ወደ ጥልቁ ይወረውራሉ። ሦስተኛው ድንጋይ ሲሰምጥ መዝሙር ይጀመራል። ከዚያ ፓስተር ወልደአማኑኤል፣ ያን ጊዜ ፀጉራቸው ከሰል የመሰለ ጎልማሳ፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ሎሚ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ያንን እጅ ይዛ ገባች። ዓይንሽን ጨፍኚ ብለዋት ነበር፤ አልጨፈነችም። ፀሐይ ውሃውን ዘልቃ አሸዋው ላይ ስትንቀጠቀጥ አየች። አሸዋው ከእግሯ ሥር እንደ ሕያው ነገር ሲሸሽ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አብራው ስትንከባለል አየች። ብቅ ስትል ዘመዶቿ እልል አሉ። እሷ ግን የሚታወሳት እልልታው አይደለም፤ አሸዋው ነው።

መሣል ስትጀምር የሣለችው ይህንኑ ነበር፤ አዞውን ሳይቀር። «አዞውን አጥፊልኝ፣ ደንበኛ ይፈራል» አላት የምግብ ቤቱ ባለቤት። አጠፋችው። ሌላው፣ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ድህነት ያስታውሳሉ አለ፤ አነሣቻቸው። የክሊኒኩ ሰውዬ ውሃው ለምን ቡናማ ሆነ፣ ሰማያዊ አድርጊው አላት። አዋሽ በክረምት ቡናማ እንደሆነ እያወቀች ሰማያዊ አደረገችው። አንድ ነጋዴ ፏፏቴ ጨምሪበት ሲላት ግን ብሩሿን አስቀመጠች። ፏፏቴው በዛባት። እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ግድግዳ ሞላ። ወንዙ በመጠን እየቀነሰ መሄዱን ሰው ሲያወራ ትሰማለች፤ እሷ ግን በየግድግዳው ውሃ እየጨመረች ሄደች።

ሾላው ዳር ለመጨረሻ ጊዜ የወረደችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ባሏ ሞተ፤ አንድ ልጇን ሊዲን ብቻዋን አሳደገች፤ ጉልበቷም ደከመ። ቦታውን በቃሏ ስለምታውቀው በቃሏ ትሥለው ነበር። የአባቷን ቃል የጣሰች አልመሰላትም። አንዴ ተቀምጬበታለሁ ትላለች።

ያቤጽ ወደ ሱቋ የመጣው በሚያዝያ ነው። ያቤጽ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያስለቅቅ፣ ሲናገር የሚያቻኩለው፣ ነጭ ሸሚዝ የማይለየው ሰው ነው። በወጣትነታቸው ከሎሚ ጋር በአንድ መዘምራን ቆመዋል። አሁን የቤተ ክርስቲያኗ የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

«እህት ሎሚ፣ ጌታ ይባርክሽ! ዛሬ የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት።»

«አሜን። ምን ፈልገህ ነው? አንተ ስትስቅ እኔን ይጨንቀኛል።»

«ገንዳው አለቀ! ሴራሚኩ ተለጠፈ። የቀረን ከገንዳው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ስድስት ሜትር በአራት። ሾላው ዳርን ትሥይልናለሽ። ተጠማቂው ልክ እንደ ድሮው ወንዝ ውስጥ የቆመ ይመስላል።»

«ወንዙ እኮ አልራቀም። ከመምሰል ለምን ወርዶ አይቆምም?»

«አንቺ ደግሞ! አሁን ማን ወንዝ ይወርዳል? በሽታ ነው። አሁን ካሜራ አለ፣ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ሁሉ ያያል። ዘመኑ ነው፣ እህቴ።»

የመጀመሪያዎቹ ተጠማቂዎች ዘጠኝ ናቸው፤ አንዷ ሊዲ ናት። ሊዲ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሎሚ ልጇን የወለደች ቀን፣ እኔ በተጠመቅሁበት ውሃ ትጠመቅልኝ ብላ ለምናለች። ያ ካልሆነ ደግሞ ቢያንስ ልጇ ውሃ ውስጥ ስትገባ ከጀርባዋ የሚቆመው እውነተኛው ሾላው ዳር እንዲሆን ፈለገች። ስለዚህ እሺ አለች። ዋጋም አልጠየቀች፤ መባ ነው አለች።

ደግሞም ለዚያ ሕንፃ የለፋችው የመጀመሪያ ልፋት አልነበረም። ባለፈው ጥቅምት የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ተጠርተው፣ ግቢው ውስጥ የተቆለለውን አሸዋ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በወንፊት ነፍተዋል። እየዘመሩ፣ እየተሳሳቁ፣ አቧራ እየጠጡ። ወንፊቱ ላይ ጠጠሩ ሲቀር ትናንሽ ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶችም ይቀሩ ነበር። ሎሚ ደስ ብሏት አንድ እፍኝ ይዛ ሄዳ ብሩሾቿን በምታቆምበት ማሰሮ ውስጥ ጨመረቻቸው። ከየት እንደመጡ አልጠየቀችም።

ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ሾላውን ላየው አለች።

«እማ፣ ሠላሳ ጊዜ ሥለሽው ደግሞ ምን ልታዪ?» አለች ሊዲ።

«ይሄኛው ስድስት ሜትር ነው። ቅጠሉ ሳይቀር ይቆጠራል። ነይ ሸኚኝ፤ አንቺም አይተሽው አታውቂ።»

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ሄዱ። የእግር መንገዱ የለም። በምትኩ ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ፣ አቧራው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጥርጊያ አገኙ። ተከትለውት ወረዱ። ታች ሲደርሱ ሊዲ ሳቀች።

«እማ ተሳስተናል። ይሄ አይደለም።»

ከፊታቸው ጉድጓድ ነበር። ቤት ቢከቱበት ጣራው የማይታይ፣ አፉ የተናደ ጉድጓድ። ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ ተኝቷል፤ ውሃው ላይ የውሃ ጠርሙስና የጫት ፌስታል ይንሳፈፋል። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ከጭቃው ውስጥ የሆነ ነገር ይጎትታል። አዋሽ ራሱ ወደ ማዶ ሸሽቶ፣ ጫፉ ላይ አረፋ አዝሎ፣ እንደታመመ ሰው ቀስ ይላል። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር የውሃ ጎማዎች ተጋድመው በሞተር ይስቡታል።

ሊዲ ስልኳን አወጣች። ፍራንኮ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር የተነሣችው ፎቶ ነበራት፤ ከጀርባቸው የእናቷ ወንዝ ይታያል። ስልኩን ወደ ማዶ ከፍ አድርጋ አስተያየችው። ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ጋራው ልክ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ። «ጋራው ያው ነው፣ እማ።»

ከተቀደደ ሸራ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ለሽንኩርት ገበሬዎቹ ሞተር የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ቀነዓ ነው።

«አካም ጅርቱ? ሽንኩርት ፈልጋችሁ ነው?»

«ፈዩማ፣ ኦቦ። ሽንኩርት አይደለም» አለች ሎሚ። «ድሮ እዚህ እንመጣ ነበር። እዚህ ነው የተጠመቅሁት።»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «የድንጋይ ወርዋሪዎቹ! እናንተ ናችሁ? እኔ ያን ጊዜ ከብት ሳጠጣ ቆሜ እስቅባችሁ ነበር። አዞ እኮ በድንጋይ አይፈራም። ጠግቦ ስለሚተኛ ነው የተዋችሁ!»

«አሁንስ አለ?»

«አዞ? ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን በልቶ እዚህ ይቀመጣል? እሱም ተሰደደ።»

ሎሚ ጉድጓዱን አሳየቻቸው። «ይህን አሸዋ ማን ወሰደው?»

ሽማግሌው የምትቀልድ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። እንደማትቀልድ ሲያዩ «እናንተ ናችኋ!» አሏት። «መጀመሪያ የተደራጁ ልጆች በአካፋና በጋሪ ነበር የሚያወጡት። እሱ ጭረት ነበር። አምና አንድ ነጭ ሸሚዝ ያደረገ ሰው ገልባጭ መኪና አስከትሎ መጣ። ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ድሮ እዚህ እንጠመቅ ነበር፣ ቦታው የኛም ነው አለን። ለዋቃ ቤት ከሆነ ውሰዱ አልን። በነፃ! እኔ ራሴ በአካፋ ጭኛለሁ። ጋላቶማ ብሎ መርቆን ሄደ። እሱ መንገዱን ከጠረገው በኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ገባ።»

«ሾላውስ?» አለች ሊዲ።

«አሸዋው ሲሄድ ሥሩ ራቁቱን ቀረ። ክረምት ሲመጣ ወደቀ። በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ ከሰል አደረግነው። ምን እናድርግ?»

ሎሚ ጎንበስ ብላ ከተናደው አፍ አንድ እፍኝ ዘገነች። አሸዋው በጣቶቿ መካከል ሲወርድ መዳፏ ላይ ሦስት ነጭ ቅርፊቶች ቀሩ። ወንፊቱ ትዝ አላት። መዝሙሩ፣ ሳቁ፣ አቧራው። ይህን ዳር ማንም ሳይሰርቅባት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በገዛ እጇ ሁለት ቅዳሜ ነፍታ ለሲሚንቶ አስረክባለች።

በባጃጅ ተመለሱ። ከተማው ሲቃረብ ሊዲ «እማ» አለች፣ «ለጓደኞቼ ሁሌ እናቴ የተጠመቀችበት ቦታ እያልኩ አሳያቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ውሰጅኝ ብዬሽ አላውቅም አይደል?»

«አላልሽኝም። ለምን?»

«እንጃ። ግድግዳው ላይ አለ ብዬ ነዋ። ምን ያስሄደኛል?»

ሎሚን የጎዳት ከጉድጓዱ ይልቅ ይህ ነው። ሠላሳ አንድ ግድግዳ! እያንዳንዱ ቡና እያማሰለ፣ ጥርሱን እያመመው፣ ወንዙ ደህና ነው ብሎ እንዲያምን አድርጋለች። ቁስል ላይ ጨርቅ ስትሸፍን ኖራለች፤ ጨርቁ ስላማረ ቁስሉን የሚጠይቅ ጠፋ።

ያቤጽን ያገኘችው አዲሱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወንበር ያስደረድር ነበር።

«ሾላው ዳር ሄጄ መጣሁ» አለችው።

ፊቱ አልተለወጠም። «እና?»

«እና ነው የምትለኝ? የተጠመቅህበትን ወንዝ በመኪና ጭነህ አመጣህ! አፍርሰህ፣ አቡክተህ ገንዳ አደረግኸው! ከዚያ ሱቄ መጥተህ በጥርስህ እየሳቅህ የወንዙን መልክ ከጀርባው ቀቢልኝ ትለኛለህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«አሸዋ ከየት የሚመጣ መስሎሽ ነበር? እንደ መና ከሰማይ ይወርዳል? ያንቺስ ቤት በምን ተሠራ፣ በጸሎት? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!»

«ይረር። እኔ ግን አርሮብኝ ሳለ ጣፍጧል ብዬ ለሰው አላቀርብም።»

ያቤጽ ወንበሩን ለቀቀና ዞሮ አያት። «እስካሁንስ ምን ስታደርጊ ኖርሽ? በየምግብ ቤቱ ጣፍጧል እያልሽ ስታቀርቢ የኖርሽው ማነሽ?»

ይህ መቼም እውነት ነው። ሎሚ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ልክ ነህ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ሠላሳ ሁለተኛውን ግን ልጄ ከፊቱ ትቆማለች። እሱን አታገኘውም።»

«አትሥይም ማለት ነው?»

«እሥላለሁ። ሄጄ ተቀምጬበት መጥቻለሁ። ያየሁትን እሥላለሁ።»

ያቤጽ በንዴት የተነገረ ነገር ሲበርድ ይረሳል ብሎ አሰበ። ሎሚ በማግሥቱ ግድግዳውን በመጋረጃ ጋርዳ መሰላሏን አቆመች። እንደ ልማዷ ከሰማይ ጀመረች፤ ሰማያዊ አይደለም፣ አቧራ የነካው የበጋ ነጭ። ከዚያ ጋራው። ከዚያ የሾላው ጉቶ፣ የውሃ ጎማዎቹ፣ ከማዶ የሸሸው ቡናማ ክር። አባ ኮዳውን ሣለችው፤ ፌስታሉንም። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ቀለም አላነሣችም። መፋቂያዋን አንሥታ፣ ግድግዳው የተቀባውን ነጭ ስቱኮ እየላጠች አወረደችው። ሦስት ሜትር ያህል ስፋት፣ በጉድጓዱ ቅርጽ፣ ልስኑ ራቁቱን ወጣ። ግራጫ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አሸዋው ያብለጨልጫል፤ እዚህም እዚያም ከወንፊት ያመለጠ የነጭ ቅርፊት ስባሪ ይታያል።

በአራተኛው ቀን መጋረጃውን ገለጠች። ኮሚቴው መጥቶ ቆመ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሸዋወርቅ ደግ ሴት ስለሆነች በለሆሳስ ጀመረች።

«እህት ሎሚ፣ ተባረኪ። መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አልቋል።»

«እዚህ ጋ እኮ ቀለም አልነካውም።»

«እሱ አያስፈልገውም። ሌላው ሥዕል ነው፣ ያ ግን ራሱ ነው። ዳሰስ አድርጊው።»

ሸዋወርቅ እጇን ዘረጋች፤ ልስኑን ነካችና ቶሎ መለሰችው። እሷም ጥቅምት ላይ ወንፊት ይዛ ነበር።

«ሰው ይህን እያየ እንዴት ደስ ብሎት ይጠመቃል?» አለ ያቤጽ። «ይሄ መቃብር ነው!»

«ጥምቀት መቀበር ነው ብላችሁ አይደል ያስተማራችሁኝ? ይኸው ጉድጓዱ።»

መልስ ሲያጡ ድምፅ ሰጡ። ግድግዳውን እንደገና ለመቀባት ጊዜ ስለሌለ ባነር ይታተም ተባለ። ዓርብ ዕለት ባነሩ መጣ። ፏፏቴ አለበት፤ የጥድ ዛፍና ጫፉ በረዶ የለበሰ ተራራ አለበት፤ ውሃው ላይ ሁለት ነጭ ዳክዬ የመሰሉ አንገተ ረጃጅም ወፎች አሉበት።

«ይሄ የት አገር ነው?» አለች ሸዋወርቅ።

«ከኢንተርኔት ነው። የት ቢሆን ምን አገባን? ያምራል» አለ ያቤጽ። በአራት ማዕዘኑ ወጥረው የሎሚን ግድግዳ ሸፈኑት።

ሎሚ የሰማችው ከሊዲ ነው።

«እሑድ አልመጣም» አለች። «ያንን እያየሁ አልቀመጥም።»

«ለኔ ብለሽ፣ እማ።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የሣልሁት።»

ሊዲ ከዚያ በላይ አልለመነችም። ብቻ ከመውጣቷ በፊት ከብሩሽ ማሰሮው ውስጥ የሆነ ነገር ስትወስድ ሎሚ አየቻት፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም። እሑድ ሲደርስ ሎሚ ልቧ እምቢ ብሏት፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣችና በመጨረሻው ወንበር ተቀመጠች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። በቤተ ክርስቲያኗ ልማድ ተጠማቂ ወደ ውሃው ከመውረዱ በፊት ነጭ ቀሚሱን ለብሶ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ አጭር ምስክርነት ይሰጣል። ሦስቱ መሰከሩ፤ አሜን ተባለ፤ ተጠመቁ። ሲወጡ ፏፏቴው ሥር ቆመው ዘመድ ፎቶ አነሣቸው። አራተኛዋ ሊዲ ናት። ድምፅ ማጉያውን በአንድ እጇ ያዘች፤ ሌላው እጇ ጭብጥ ነው።

«እናቴ የተጠመቀችው ሾላው ዳር ነው» አለች። «እኔም ዛሬ የምጠመቀው ሾላው ዳር ነው።»

«አሜን!» አለ ሰዉ።

«ለጌጥ አይደለም የምለው። ይህ ገንዳ በዚያ ዳር አሸዋ ነው የተሠራው። እናቴ ነፍታዋለች። እዚህ ያላችሁ እናቶች ነፍታችሁታል። ኦቦ ቀነዓ የሚባሉ ሽማግሌ፣ የእኛ ሃይማኖት ሳይኖራቸው፣ ለእግዚአብሔር ቤት ነው ሲሏቸው በአካፋ ጭነው በነፃ ሰጥተዋል። ማንም ተመልሶ ያየው የለም። አሁን ጉድጓድ ነው።» ጭብጧን ፈታች። «ይኼ ከወንፊቱ ላይ የቀረው ነው።»

አሜን የሚል አልነበረም። ያቤጽ ለድምፅ ባለሙያው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ሊዲ አስቀመጠችውና በገዛ ድምፅዋ ቀጠለች።

«እናቴ ያንን ሥላዋለች። እዚህ ጀርባዬ፣ ከዚህ ፕላስቲክ ሥር አለ። እሱ ካልተነሣ ውሃ ውስጥ አልገባም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ «ልጅቷን ምን ነካት?» ይላል። ሌላው «እውነቷን ነው እንዴ?» ይላል። የሚያጠምቀው ወጣት ፓስተር ገንዳው ውስጥ ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው። ሎሚ ተነሥታ ቆማለች፤ መቆሟን ግን አላወቀችም።

ከፊት ረድፍ ፓስተር ወልደአማኑኤል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ማጥመቅ ካቆሙ ቆይተዋል። ባነሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያ ፏፏቴ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

ያቤጽ ወለሉን አየ።

«ውስጡ ቆሜ አላውቅም» አሉ። «አንሡት።»

ሁለት ሰዎች ከመዘምራኑ ወጥተው ገመዱን ፈቱ። ባነሩ እየተጣጠፈ ወረደ። ከጀርባው ነጩ ሰማይ፣ ጉቶው፣ ጎማዎቹና ግራጫው ራቁት ጉድጓድ ወጡ። ከፊት ያሉት አንዲት አሮጊት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሁለት ቤተሰቦች ተቆጥተው ወጡ፤ አንደኛው አባወራ በሩ ላይ ዞሮ «እኛ የመጣነው ለደስታ ነው!» ብሎ ሄደ። ስልካቸውን አንሥተው የነበሩት መልሰው አወረዱት። ፓስተር ወልደአማኑኤል በምርኩዛቸው ወደ ልስኑ ጠቁመው «እዚያ ጋ ነበር የምቆመው» አሉ፤ ለማን እንደተናገሩ ግን አልታወቀም። ከዚያ ተቀመጡ።

ሊዲ ገባች። የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠራ። መዝሙር የጀመረ ስለሌለ የውሃው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያቤጽ ባነሩን በጥንቃቄ ይጠቀልል ነበር። ሎሚ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ሳይል «ለሚቀጥለው ይሰቀላል» አላት።

«ስቀለው» አለች። «ሥሩ ያለው ግን አይወርድም። ልስኑን ካላፈረስክ።»

ሊዲን ያገኘቻት ከመለወጫ ክፍሉ ደጃፍ ነው። ፀጉሯ ይንጠባጠባል፤ ትንቀጠቀጣለች። ሎሚ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻትና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየቻት።

«ዓይንሽን ጨፈንሽ?»

«አልጨፈንኩም።»

«ምን አየሽ?»

ሊዲ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች።

«ሴራሚክ» አለች።